መቆጣት ለማይሆንላት ሊቀመንበር

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ አምስት ሆናችሁ የባልትና ማኅበር አቋቁማችኋል፤ በዕድሜ የሁሉም ታናሽ የሆንሽው አንቺ ሊቀመንበር ተደርገሻል። አሠልጣኙ «እንደ ወንድ ቆፍጠን በይ» ብሎሻል፤ አንቺ ግን መቆጣት አይሆንልሽም። በዚያ ላይ የአንዷ አባል ባል «ሒሳቡን እኔ ልያዝላችሁ» እያለ መጥቷል። እኔ ቡሬ ላይ ዛላ በርበሬ ገዝቼ፣ አስቀንጥሼና አስፈጭቼ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ከኖርሁት ልንገርሽ።

ቁጣውን ተይው። እህል በረንዳ ላይ ሲጮኹ የሚውሉ ነጋዴዎችን አውቃለሁ፤ ሠራተኛው ፊት ለፊት ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ግን የተበላሸውን ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ይሰፋዋል። ይልቅስ እስከ ዛሬ ሰው እሺ ያለሽ የት እንደሆነ አስቢ። እቁብ ሰብስበሽ ታውቂ የለም? የእቁብ ዳኛ የሆነች ሴት እኮ ዋስ ጠርታለች፣ ያልከፈለን አሳድዳለች፣ ልጇ የታመመባት ዕጣ እንዲቀደምላት አባላቱን አስፈቅዳለች። ይህንን ሁሉ ስትሠራ ማንም «ሥራ አስኪያጅ» አላላትም እንጂ ሥራው ያው ነው።

የእኔ አመራር የወጣው ከጆንያ ሥር ነው ብል አላጋነንሁም። ከገበያ የመጣ በርበሬ ሲፈታ ሁላችንም ዙሪያውን እንቆማለን። አንዷ ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከመካከሉ እጇን ሰድዳ ዛላ ታወጣና ጆሮዋ አጠገብ ታንሿሿዋለች። የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንሿሿል። ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የተረጨበት ከሆነ ድምፅ የለውም፤ ስታጥፊውም ሳይሰበር ይለመጣል። እርሱን ያስገባሽ እንደሆነ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ደግሞ በማመስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከቀንጣሾቹ መካከል በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አሉ፤ «እማማ፣ ምን ይላሉ?» ብዬ ሳልጠይቅ አንድም ጆንያ አልቀበልም። ይግባ ወይም ይመለስ የምለው ግን እኔ ነኝ፤ ለሻጩም የምነግረው እኔው ነኝ። ታላቆችሽን መጠየቅ ሥልጣንሽን ይቀንሰዋል ብለሽ አትስጊ። የተጠየቀች ሴት የተወሰነውን ነገር እንደ ራሷ ትጠብቀዋለች።

ክፍያውንም በቀን ሳይሆን በተቀነጠሰው ኪሎ አድርጌዋለሁ። የሚጠባ ልጅ ያላት ሴት ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ ካልተገኘሽ ብትባል ወይ ትዋሻለች ወይ ትቀራለች። አሁን ስትደርስ ትገባለች፤ ያልጠራ ካስረከበች መልሳ ትለቅመዋለች። «ላልተሻል» የሚሉኝ ወንድሞች አልጠፉም፤ ዱቄቴ ላይ ግን እንከን አላወጡበትም። ቋሚ ሠራተኛ ለመቅጠር ስትደርሺ ደግሞ የወሊድ ፈቃዱን ከመጀመሪያው በወጪሽ ውስጥ አስቢው፤ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ለሴት የምትመች አሠሪ መሆን በምኞት አይሆንም፣ በሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ልያዝ ወዳለው የአባልሽ ባል ልምጣ፤ ከጠባይሽ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ፊርማው የአባላት ብቻ ይሁን፤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ ባንክም በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ። ከዚያ ቡና አፍልታችሁ፣ አክብረሽ «ጋሼ፣ ደንቡ አይፈቅድልንም» በይው። አየሽ፣ መቆጣት አላስፈለገሽም። በክልላችን ገጠር የእናቶቻችን ፎቶ ከባላቸው ፎቶ ጎን በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ መሬት ሊከራይ ሲታሰብ «እሷስ ምን አለች?» ማለት ተለምዷል። ያንን ያመጣው ስሟ ወረቀቱ ላይ መስፈሩ ነው።

ስለ ብድር በጥያቄሽ ጫፍ ያነሣሽውን በአጭሩ፦ ቤት የለንም ብላችሁ አትቅሩ። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147/2011 ማሽንም፣ ከብትም፣ የተከማቸ ምርትም ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። የብድር ባለሙያው ሁሉ በደስታ ይቀበልሻል አልልም፤ የአዋጁን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ።

ከባህላችን የማልወስደውም አለ፤ ይሉኝታን። ዘመድ ዱቤ ሲጠይቀኝ «እኔ ብቻዬን አልሰጥም፣ ዓርብ ዓርብ አብረን ነው የምንወስነው» እላለሁ፤ እውነትም ዓርብ አብረን ነው የምንወስነው። አብዛኞቹ እስከ ዓርብ አይጠብቁም።

አሁን ግን ከሁሉ የሚቀድም ሥራ አለሽ። በርበሬ በብዛት የሚወጣው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የሽሮውም የበርበሬውም ፈላጊ ይበዛል፣ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ የመጀመሪያ ስብሰባሽን ስለ ጠባይ አታድርጊው። ስንት ኩንታል እንግዛ፣ ከማን፣ ማን ትፈትሽ፣ ገንዘቡን ማን ታውጣ የሚለውን ጠይቂያቸው፤ ታላቂቱን አስቀድመሽ አናግሪያት፣ መጨረሻ ላይ ራስሽ ወስኚና ቃለ ጉባኤው ላይ አስፈርሚ።