ስለ ጥንት ግሪክ የብር ሳንቲሞች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የአቴንስ ሳንቲም ላይ ጉጉት ለምን ተቀረጸች?

መልስ፦ ጉጉት የአቴና ወፍ ናት፤ አቴና ደግሞ የከተማዋ ጠባቂ አምላክ። በአንዱ ገጽ የራስ ቁር የደፋችው አቴና አለች። በሌላው ጉጉቷና የወይራ ቅርንጫፍ። ወይራውም በከንቱ አልገባም። አቴናና የባሕር አምላኩ ፖሲዶን ከተማዋን ለመያዝ ተፎካከሩ። እሱ ጨዋማ ምንጭ አፈለቀ፣ እሷ ወይራ አበቀለች። አሸነፈችም። ባለ 4 ድራክማው ሳንቲም 17 ግራም ያህል ይመዝናል። ብሩ በአቴንስ አቅራቢያ ካለው ከላውሪዮን ማዕድን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ገደማ እዚያ ብዙ ብር ሲገኝ፣ የአቴንስ መሪ የነበረው ቴሚስቶክለስ ሕዝቡን አሳምኖ የጦር መርከብ አሠራበት። በ480 በሳላሚስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ፋርሶችን ድል የመቱት በእነዚያ መርከቦች ነው።

ጥያቄ፦ የቆሮንቶሱ ክንፋም ፈረስስ?

መልስ፦ ፔጋሰስ ነው። ቤለሮፎን የተባለው የቆሮንቶስ ጀግና የገራው አቴና በሰጠችው ልጓም ነው። ለዚህ ነው በሳንቲሙ ሌላ ገጽ አቴናን የምታገኟት።

ጥያቄ፦ አንተ ከሁሉም የቱን ትመርጣለህ?

መልስ፦ የሲራኩስን፣ ያለ ጥርጥር! በዚያች የሲሲሊ የግሪኮች ከተማ ሳንቲም ላይ ያለችው በአፈ ታሪክ የምትታወቀው አሬቱሳ ናት። እሷን የወንዝ አምላኩ አልፊዮስ ሲያሳድዳት፣ የአደን አምላክ አርጤምስ ወደ ምንጭ ለወጠቻት። ከግሪክ ምድር በባሕር ሥር አልፋ ሲሲሊ ላይ፣ ኦርቲጂያ ደሴት ፈለቀች። ምንጩ ዛሬም አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 አካባቢ ኪሞን የተባለ ቀራጭ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ቀረጸው። ዶልፊኖች በተበተነው ጸጉሯ መሃል ይዋኛሉ። ስሙንም ጻፈበት፤ ይገባዋል። በመዶሻ ተመትቶ በሚወጣ ትንሽ ብር ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ማየት እስካሁን ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ በታላቁ እስክንድር ሳንቲም ላይ የአንበሳ ቆዳ የለበሰው ራሱ እስክንድር ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና ሄራክለስ ነው። የኔሜያን አንበሳ አንቆ ገድሎ ቆዳውን ለበሰ። እስክንድርን ጨምሮ የመቄዶንያ ነገሥታት ዘራቸውን ከእሱ ይቆጥሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ከአክሱም ሳንቲሞች ጋር ይገናኛሉ?

መልስ፦ በጽሑፉ፣ አዎ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ ያስመታቸው ሳንቲሞች ጽሑፋቸው ግሪክኛ ነው። ምስሉ ግን የራሳችን ነው፦ ንጉሡ፣ ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል መስቀል ተተካ።

ጥያቄ፦ ያየሁት ሳንቲም በስለት ተቆርጧል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የቆረጠው የጥንት ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ መዳብ፣ ላዩ ብር የሆነ ሐሰተኛ ሳንቲም ስለነበር፣ ቆርጠው ያረጋግጡ ነበር። ሰብሳቢዎች ስለማይመርጡት ዋጋው ይቀንሳል። እኔ ግን ገበያ የዋለውን እመርጣለሁ።