«አላህን ብቻ ነው የምለምነው» ብዬ ወንድሞቼን አልጠራሁም

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ኡስታዝ። እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ዘጠኝ ወር ሆናት። ገላዋን የማጥባት፣ ሌሊት የማገላብጣት እኔ ነኝ። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ጁሙዓ ጁሙዓ መጥተው «አላህ ያሽርሽ» ይሏታል፣ ግንባሯን ስመው ይሄዳሉ። እኔም አንድ ቀን «አግዙኝ» ብያቸው አላውቅም። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) «እርዳታ ስትፈልግ ከአላህ ፈልግ» ብለው የለ? ስለዚህ ዱዓ ብቻ ነው የማደርገው። ግን ደከመኝ። ባለፈው ስሰግድ ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት እንደነካ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ዱዓዬ ለምን መልስ አጣ? ወንድሞቼን ብጠይቅስ ተወኩሌ (በአላህ መመካቴ) ይጎድላል? ደግሞ እናቴ ቆማ መስገድ ስላቃታት ታለቅሳለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም እህቴ። አላህ እናትሽን ዓፊያ ያድርግልሽ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ አዘንኩ፣ ሁለተኛው ላይ ተናደድኩ። በወንድሞችሽ ብቻ ግን አይደለም።

የጠቀስሽው ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) ትክክል ነው። የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ዘግቦታል። ነቢዩ ይህን ያሉት ለአጎታቸው ልጅ ለኢብኑ ዓባስ ነው፤ ያኔ ገና ልጅ ነበር። ፋቲሓ ላይም «አንተን ብቻ እንገዛለን፣ ከአንተም ብቻ እርዳታ እንለምናለን» እንላለን። ፈርዱን (ግዴታ የሆነውን ሶላት) ብቻ ብትቆጥሪ በቀን 17 ጊዜ። ነገሩ ልብሽ በማን ላይ ይንጠልጠል የሚል ነው። ስልክ አታንሺ የሚል ግን የትም የለበትም።

ሙሳን ተመልከቺ። ወደ ፊርዓውን ሂድ ሲባሉ አላህን ምን ለመኑ? ሱራ ጣሀ ላይ ታገኚዋለሽ። ልቤን አስፋልኝ፣ ጉዳዬን አግራልኝ፣ የምላሴን ቋጠሮ ፍታልኝ አሉ። ከዚያስ? ከቤተሰቤ ረዳት አድርግልኝ፤ ወንድሜን ሃሩንን። ወንድሜን! አላህም የጠየቅከው ተሰጥቶሃል አላቸው። የዱዓው መልስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። አንቺ ዘጠኝ ወር ሙሉ መልስሽን በር ድረስ እየሸኘሽ ትመለሻለሽ።

ቁርኣን የሚያወሳው ንጉሥ ዙልቀርነይንም እንዲሁ ነው፤ ሱራ ከህፍ ላይ። ሰዎቹ ገንዘብ እንክፈልህና የእጁጅና መእጁጅ ከሚባሉት አጥፊ ሕዝቦች የሚከልለን ግንብ ሥራልን አሉት። ጌታዬ የሰጠኝ ይበልጣል፣ እናንተ ግን በጉልበት አግዙኝ አላቸው። ብረቱን አምጡ፣ ንፉ እያለ አሠራቸው። ሁለቱ አባባሎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ናቸው፤ 95ኛው ላይ።

«ሰውን ምንም አንለምንም ብለው ቃል የገቡት ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች)ስ?» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ዘግቦታል። አንዳንዶቹ ጅራፋቸው ሲወድቅ እንኳ አቀብለኝ አይሉም ነበር። ትልቅ ደረጃ ነው፣ ለራስሽ ጉዳይ ከቻልሽው ያዢው። ግን ጅራፉ የራሳቸው ነበር። እናትሽ የሦስታችሁም ናት። ለወላጅ በጎ መዋል በሦስታችሁም ላይ ግዴታ ነው። ስትጠሪያቸው ያለባቸውን ሐቅ ማስታወስሽ ነው፤ ልመና አይባልም።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አባቴ ታሞ በተኛ ጊዜ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። እህቴ «ልምጣ?» ስትለኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» እላታለሁ። አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ባንኜ መድኃኒቱን ሰጠሁት። ጠርሙሱን ስመልስ ነው ከአንድ ሰዓት በፊትም እንደሰጠሁት ትዝ ያለኝ። እስኪነጋ ደረቱ ላይ እጄን አድርጌ ትንፋሹን ስቆጥር አደርኩ። አላህ ጠበቀው፣ ምንም አልሆነም። ፈጅርን ሰግጄ ወዲያው ደወልኩላት። ተወኩል የምለው ነገር ግማሹ ኩራት እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ደብዳቤሽ ያናደደኝም ለዚህ ነው፤ ራሴን አየሁበት።

ስትደውዪ «አግዙኝ» ብቻ አትበይ። ሰው «እሺ ኢንሻአላህ» ይልና ይረሳዋል። «ሰኞና ማክሰኞ ሌሊት የአንተ ነው» በይው ትልቁን። ለትንሹም የራሱን ቀን ስጪው። ገላዋን ማጠብ ላይ እናትሽ ካፈረች እሱን አንቺ ያዢው፤ ሌሊቱን፣ ሐኪም ቤቱንና ወጪውን እነሱ ይያዙ። የቤት ሥራ የሴት ነው የሚል ካለ ደግሞ የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተናገረችውን ንገሪው። ነቢዩ ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር ተብላ ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር፣ ሶላት ሲደርስ ይወጡ ነበር ነው ያለችው። የቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ላይ አለ።

ለድካምሽ አንድ ነገር ልጨምር። ፋጢማ (ረ.ዐ) ወፍጮው እጇን ሲጎዳት ኻዲም (አገልጋይ) ልትጠይቅ ወደ አባቷ ወደ ነቢዩ ሄዳ ነበር። ነቢዩ ኻዲም አልሰጧትም። ማታ ቤቷ መጥተው ለእሷና ለባሏ ለዓሊ መኝታ ላይ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ አስተማሯቸው፤ ከኻዲም ይሻላችኋል ብለው። እኔ ሁሌም የሚገርመኝ፣ ሰው ደክሞት ስለደከመው ሲናገር ነቢዩ አለመቆጣታቸው ነው። ሱጁድ ላይ ስላንቀላፋሽውም አትጨነቂ። በሶላት ላይ እያለ ያንጎላጀ ሰው እንቅልፉ እስኪለቀው ይተኛ ብለዋል። የፈርዱ ወቅት እንዳያልፍሽ ብቻ ሰው እንዲቀሰቅስሽ ንገሪ።

የእናትሽ ጥያቄ ቀላል ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ታሞ ሲጠይቃቸው ነቢዩ «ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ» ብለውታል። በሌላ ሐዲስም የታመመ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው ሥራ ይጻፍለታል። ሁለቱንም ቡኻሪ ዘግቧቸዋል። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ከደከመሽ ደግሞ የሰኞ ሌሊቱ ተረኛ ያንብብላት።