እርሙ ያልወጣ ፍርሃት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 39 ሲሆን ከባለቤቴ ጋር በትዳር 14 ዓመት ኖረን ሁለት ልጆች አፍርተናል። እሱ 47 ዓመቱ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ የስኳር ሕመምም አለበት። በ2013 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሮና ሲሞት ፈርቶ ቀብሩ ላይ ሳይገኝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እየቀሰቀሰ «ግንባሬን ንኪኝ፣ አተኩሶኛል?» ይለኛል፤ እኔም ነክቼ «ምንም የለብህም፣ ተኛ» እለዋለሁ። ጣቱ ላይ የሚያደርገው የኦክስጅን መለኪያ ከራስጌው አይለይም። ባለፈው ወር አክስቴ ስታርፍ ድንኳን አልገባም ብሎ ከመንገዱ ማዶ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዋለ፤ ቤተሰቦቼም «ባልሽ ናቀን» ብለው አኩርፈዋል። ታሟል ልበል ወይስ ግትር ሆኗል? እስከ መቼስ ልቻለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤ ብቻ ለባለቤትዎ የሕመም ስም መስጠት ተገቢ አይደለም፤ የጻፉልን ነገር ግን ከግትርነት ይልቅ ሥር ወደ ሰደደ ጭንቀት ያደላል። በዚህ ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ለወራት «አትጨባበጡ፣ አትሰብሰቡ» እየተባልን ኖረናል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመራቸውን ገልጿል። ድርጅቱ የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ፍርሃት ግን በአዋጅ አይነሣም።

ሰው ሲደነግጥ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሲተነፍስም በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱና ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል፣ አየር ያጠረውም ይመስለዋል። ወንድሙን በኮሮና ያጣ ሰው ይህ ሲሰማው «በሽታው ያዘኝ» ቢል አይፈረድበትም። መለኪያውም ቢሆን የሚያሳርፋቸው አይመስለኝም፤ የጤነኛ ሰው ንባብ ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ቢሆንም ጣት ሲቀዘቅዝ መሣሪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል፣ ለመረጋጋት የተገዛው ዕቃ በሌሊት ሌላ ድንጋጤ ያመጣል።

አሁን የምለው ሊከብድዎት ይችላል። ግንባራቸውን ነክተው «ምንም የለብህም» የሚሏቸው ከፍቅር ነው፤ ሆኖም ጭንቀቱን ሌት ሌት የሚቀልበው ይኸው መልስዎ ነው። መልሱን ሲያገኙ ለጥቂት ጊዜ ይረጋጋሉ፤ አእምሯቸው ግን የተረጋጋው በመጠየቁ መሆኑን ስለሚይዝ በማግስቱ ደግሞ ይጠይቃል። መኪና ውስጥ መቅረታቸውም ከዚህ አይለይም፤ ፍርሃቱ ወዲያው ይቀልላቸዋል፣ ድንኳን ገብቶ በሰላም መውጣት እንደሚቻል ግን በዚያ መንገድ መቼም አይማሩም።

ስለዚህ በቀን፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ሁለታችሁም ሳትቆጡ ተነጋገሩ። ጥያቄውን በአንድ ጊዜ ከማቋረጥ ይልቅ መጀመሪያ በሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ ኋላም ጨርሶ እንዲቀር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሲቀሰቅሱዎት «ይህን የሚጠይቀኝ ጭንቀትህ ነው፤ ለእሱ አልመልስም፣ አንተ ግን እስክትረጋጋ አብሬህ እቀመጣለሁ» ይበሏቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍርሃቱ ሊብስ ይችላል፤ ያን ጊዜ አዝነው ወደ ቀድሞው ከተመለሱ ጭንቀቱ ይበልጥ ይጠነክራል። የኦክስጅን መለኪያውንም ሐኪም እስካላዘዘ ድረስ ከመኝታ ቤት ያውጡት።

የስኳር መለኪያውን ግን እንዳይነኩት። የደም ስኳር ሲወርድም ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ስለሚያመጣ ከጭንቀት ጋር ይምታታል፤ በተለይ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ እንዲህ ሲሰማቸው ይለኩ፣ ከ70 በታች ከሆነም ፈጥነው ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ። የስኳር ሕመምተኛ ኮሮና ቢይዘው ሊከብደው መቻሉም እውነት ስለሆነ፣ ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ ማስክ ቢያደርጉ አይተቿቸው።

ከሁሉ በላይ ልቤ ያረፈው ግን በቀብሩ ላይ ነው። እኛ አገር ሰው የሞተበት እርሙን የሚያወጣው ቆሞ አፈር ሲመለስ አይቶ፣ ድንኳን ተቀምጦ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ተብሎ ነው። ባለቤትዎ ይህ ሁሉ አልፏቸዋል፤ ምናልባትም «ወንድሜን ፈርቼ ተውሁት» የሚል ጸጸት ከፍርሃቱ ሥር ተቀምጦ ይሆናል። የሌላ ሰው ድንኳን ማየት ለምን እንደሚከብዳቸው ከዚህ መገመት ይቻላል። ፈቃደኛ ከሆኑ ከእህት ወንድሞቻቸው ጋር አዲስ አበባ ወርደው መቃብሩ ዘንድ ይቁሙ፤ ማልቀስ ካማራቸው «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል ሰው አብሮ ባይሄድ ደግ ነው።

ጭንቀቱ ሥራና እንቅልፍ የሚነሣ ስለሆነ የባለሙያ እርዳታም ያስፈልጋል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፣ መድኃኒት ከታዘዘም ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚወስድ በቶሎ እንዳያቋርጡት ይርዷቸው። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ጫት እንቅልፍ ነሥቶ ጭንቀትን ያባብሳል። «ሞቼ ባረፍሁ» የሚል ቃል ከሰሙ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።

«እስከ መቼ ልቻለው» ላሉት፣ ዝም ብለው እንዲችሉ አልመክርዎትም፤ እርስዎም ሌሊት መተኛት አለብዎት። ባለቤትዎ ከፈቀዱ ለቤተሰብዎ «አልናቃችሁም፤ ወንድሙን ሳይቀብር ቀርቶ ድንኳን ያስፈራዋል» ብለው ይንገሩ። ከዚያም ሰው በማይበዛበት ቀን አብራችሁ የአክስትዎ ቤት ሂዱ። መጀመሪያ በረንዳ ላይ፣ በሌላ ቀን ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ፤ ፍርሃቱ ሲያይል ተነሥታችሁ ሳትወጡ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን እጅ ሳይጨብጡ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ቢሰጡም አክስትዎ ቤት ያሉት እንዳይቀየሟቸው አስቀድመው ያስረዱላቸው።