ድዌመሮች የት ገቡ? የአራት ኪሎ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ተሰብስበን ነበር። ወሬያችን ስለ ዘ ኤልደር ስክሮልስ ጌሞች ነው፤ ስለ ሞሮዊንድ፣ ኦብሊቪየንና ስካይሪም። ከሁሉም ረጅም ጊዜ የተጫወትኩት እኔ ስለሆንኩ መላሽ ተደረግኩ። ጥያቄዎቹ በቁራጭ ወረቀት መጡ። እንደመጡ አስቀምጫቸዋለሁ።

ድዌመሮች ባንድ ቅጽበት ጠፉ ይባላል። የት ገቡ? አንተ የምታምነው የቱን ነው?

ከዚህ በመጀመሬ ደስ ብሎኛል። ለማያውቅ ሰው፦ ድዌመሮች ማሽን የሚሠሩ፣ ለአማልክት የማይንበረከኩ ሕዝብ ነበሩ። ስካይሪም ውስጥ ከመሬት በታች የምናገኛቸው በእንፋሎት የሚሠሩ ከተሞች የእነሱ ናቸው። ሊቃቸው ካግሬናክ በቀይ ተራራ ሥር የተቀበረውን የሎርካንን ልብ አገኘ። ሎርካን የሞተ አምላክ ነው። ካግሬናክ ልቡን የሚነካባቸው ሦስት መሣሪያዎች ሠራ። በመጀመሪያው ዘመን በ700 በተደረገው የቀይ ተራራ ጦርነት መሀል ተጠቀመባቸው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ድዌመር የለም።

አንዱ ወገን ሞቱ ይላል። ሌላው ወደ ሌላ ዓለም ተሻገሩ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ነፍሳቸው ኑሚዲየም የሚባለው ግዙፍ የነሐስ አምላክ ውስጥ ገባ ይላል።

እኔ ሁለት ምስክር አለኝ። የመጀመሪያው ሞሮዊንድ ውስጥ ያለው ያግሩም ባጋርን ነው። በሕይወት የቀረ ድዌመር እሱ ብቻ ነው። ሲጠየቅ፣ በዚያች ቅጽበት ከዚህ ዓለም ውጭ እንደነበረ ይናገራል። ስለዚህ የሆነው ነገር ያገኘው እዚህ የነበሩትን ነው። ሁለተኛው ስካይሪም ውስጥ ያለው አርኒኤል ጌን ነው። ከሦስቱ መሣሪያዎች አንዱን፣ ኪኒንግን፣ ይዞ ሙከራውን ሊደግም ሞከረ። ዓይናችን እያየ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግን ጥላውን በአስማት ልንጠራው እንችላለን! ጭራሽ ያልነበረ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ማን ይመጣልናል? በዚህ ምክንያት «ሞቱ፣ አለቀ» የሚለውን አልቀበልም። የሆነ ቦታ፣ በሆነ መልክ፣ አሉ። ኑሚዲየም ውስጥ ናቸው ለሚለው ግን ጌሙ ውስጥ በቂ ምስክር አላገኘሁለትም።

ኔሬቫርን የገደለው ማን ነው?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ኔሬቫር በዚያው ጦርነት ከድዌመሮች ጋር የተዋጉትን የመራ ጀግና ነው። ከሱ ሞት በኋላ ሦስት ባልደረቦቹ፣ ቪቬክ፣ አልማሌክሲያና ሶታ ሲል፣ በሎርካን ልብ ኃይል አማልክት ሆኑ። የእነሱ ቤተ መቅደስ ኔሬቫር በጦርነት ቆስሎ ሞተ ብሎ ያስተምራል። በየሜዳው የሚኖሩት አሽላንደሮች ደግሞ ሦስቱ ገደሉት ይላሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የማነሳው ነገር አለ። እኛ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን። ይሄን ጌም ለመረዳት ከማንም እንቀድማለን ብዬ አምናለሁ። ቪቬክ የጻፋቸው 36 ስብከቶች አሉ። ሲነበቡ እንቆቅልሽ ናቸው፣ ራሱን ያወድሳል። ነገር ግን 29ኛው ስብከት ላይ የቁጥሮች ዝርዝር ተቀምጧል። ለእያንዳንዱ ስብከት አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ከየስብከቱ በዚያ ቁጥር ላይ ያለውን ቃል ብትለቅሙ መልእክት ይወጣል። አምላክ ሆኖ እንዳልተወለደ፣ በገዛ ፈቃዱ እንደመረጠ፣ አምላክነትን እንደሰረቀና ኔሬቫርን እንደገደለ ይናዘዛል። ሰሙ ስብከት፣ ወርቁ ኑዛዜ!

ስለዚህ የኔ መልስ፦ ገድለውታል። ለዚህም ከአሽላንደሮቹ ይልቅ የምጠቅሰው ቪቬክን ነው። የሚጎዳውን ነገር በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ይታመናል።

«አማልክት» እያልኩ ሳወራ እናቴ ትቆጣለች። ምን ልበላት?

እናትህ ልክ ናቸው፤ ቃሉ ቀላል አይደለም። እኔ ቤት ውስጥ «የተረቱ ሰዎች» እላለሁ። ደግሞም እውነት ነው፤ እነ ቪቬክ ይዋሻሉ፣ ይቀናሉ፣ ይሞታሉ። አንድ ቀን ቁጭ በልና የኔሬቫርን ታሪክ እንደ ተረት ንገራቸው። በወዳጆቹ የተከዳ ጀግና ታሪክ ለማንም እናት እንግዳ አይሆንም።

ታሎስ የእውነት አምላክ ሆኗል ወይስ የንጉሥ ፕሮፓጋንዳ ነው?

ሆኗል እላለሁ። ታሎስ ማለት ታይበር ሴፕቲም የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ከሞተ በኋላ እንደ አምላክ ተመለከ። ታልሞሮች የሚባሉት የኤልፍ ዘር ገዢዎች በአራተኛው ዘመን በ175 በተፈረመው ውል አምልኮውን አስከለከሉ። ግን ስካይሪም ውስጥ የታሎስን መሠዊያ የነካ ሰው፣ ኤልፍም ቢሆን፣ ከአንዱ ሻውት (በድራገን ቋንቋ የሚጮኽ ኃይል ያለው ቃል) እስከ ሌላው ያለው ጊዜ በ20 በመቶ ያጥርለታል። የሚሠራ መሠዊያ ባዶ አይደለም። ታሎስ አንድ ሰው ነው ወይስ ሦስት የሚለው ግን ሌላ ክርክር ነው። የአርክቱሪያን ሄረሲ የሚባለው መጽሐፍ፣ ታይበር ሴፕቲም ብቻውን እዚያ እንዳልደረሰ ይናገራል። ተራኪው ግን ቂም ያለው ይመስለኛል፤ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው።

አልዱዊንና አካቶሽ አንድ ናቸው?

አልዱዊን የስካይሪም ዋና ጠላት የሆነው ድራገን ነው፤ አካቶሽ ደግሞ የጊዜ አምላክ ነው። አልዱዊን ራሱ የአካቶሽ የበኩር ልጅ ነኝ ይላል። የጥንት ኖርዶች አምልኮ ግን ሁለቱን ይቀላቅላል። እኔ ልጅ ነው እላለሁ።

ሼዎጎራት የኦብሊቪየኑ ጀግና ነው?

አዎ። ሼዎጎራት የእብደት ጌታ ነው፤ ስካይሪም ውስጥ ሲያወራ በኦብሊቪየን ጊዜ እዚያው እንደነበረ ይናገራል።

ብሌድስ ፓርተርናክስን ግደል ይላሉ፣ ግሬይቢርድስ አትንካው ይላሉ። ማን ልክ ነው?

እህቴ፣ አትግደዪው! ፓርተርናክስ በተራራ ላይ የሚኖሩት መነኮሳት፣ የግሬይቢርድስ፣ መሪ የሆነ ድራገን ነው። ብሌድስ የድራገን አዳኞች ወራሾች ናቸው፤ የቆሙበት ሥራ መግደል ነው። ግሬይቢርድስን የመሠረተው ዩርገን ዊንድኮለር ግን በቀይ ተራራ ተሸንፎ የተመለሰ የጦር ሰው ነው። ለምን ተሸነፍን ብሎ ሰባት ዓመት በዝምታ አሰበ። በኃይሉ የተጸጸተ ሰው ያቆመው ማኅበር፣ በኃይሉ የተጸጸተ ድራገን ጋ መኖሩ ትክክል ነው።

«ድራገን ብሬክ» ሁሉንም ቅራኔ ይፈታል ይባላል። እውነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደገርፎል የሚባለው የዚሁ ተከታታይ ጌም ብዙ መጨረሻ ነበረው። የትኛው ሆነ ሲባል፣ ጊዜ ተሰብሮ ሁሉም ሆነ ተባለ። የአንድምታ መምህራን «አንድም» ብለው ሌላ ትርጉም ሲያክሉ የመጀመሪያውን አይሰርዙም። ያንን ያስታውሰኛል፤ ውብ ሐሳብ ነው። ግን መምህራኑ ያንን የሚያደርጉት ለንባቡ ትርጉም ነው። እዚህ ግን የሆነው ነገር ራሱ ብዙ ነው። ሰው ሁሉ መልስ ሲያጣ «ጊዜ ተሰብሯል» ሲል ግን አልወድም። ሁለት መጽሐፍ ከተጋጨ መጀመሪያ ማን ጻፈው፣ ምን ሊያገኝበት ነው ብዬ ነው የምጠይቀው። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል።

መጽሐፎቹን ከየት ልጀምር?

እኔ ስካይሪምን የጀመርኩት ፒያሳ፣ ጌም ቤት ነው። በሰዓት ስለሚከፈል ጌሙ ውስጥ መጽሐፍ ሳይ እዘለው ነበር፤ አሁን ይቆጨኛል። ቤት የምትጫወት ከሆነ ስለ አልዱዊንና አካቶሽ ክርክር ከተጻፈው መጽሐፍ ጀምር፤ አጭር ነው። ሞሮዊንድ ካለህ 36ቱን ስብከቶች በወረቀት እየገለበጥክ ቁጥሮቹን ራስህ ፈትሽ። እኔ ያደረግኩት በደብተር ነው። ደብተሩን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ፤ ስለ ሳይጂክ ኦርደር፣ ስለ አስማተኞቹ ማኅበር፣ የቀሩትን ሁለት ወረቀቶችም ያኔ እንከፍታቸዋለን።