ሰርቨሩ «ተልኳል» ካለ በኋላ መልዕክቱ የት ይቀራል?

ሰላም ወንድሜ። ሱቅህን በዎርድፕረስ ሠርተህ በተከራየኸው ቪፒኤስ (ራስህ የምታስተዳድረው የኪራይ ሰርቨር) ላይ ጭነሃል፤ የትዕዛዝ ማሳወቂያውም የይለፍ ቃል መቀየሪያውም ለማንም አይደርስም፣ ስህተት ግን አያሳይም ብለሃል። ይህ ነገር እኔንም አንገብግቦኛል። ለአንድ ማሠልጠኛ የምዝገባ ገጽ ሠርቼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማረጋገጫ የደረሰው ሰው አልነበረም። ያወቅነው አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው በአካል መጥተው «ተመዝግበን መልስ ያጣነው ለምንድን ነው?» ሲሉን ነው።

ስህተት የማይታይህ ለዚህ ነው፦ ዎርድፕረስ ሌላ መንገድ ካላሳየኸው መልዕክቱን ለፒኤችፒ (ዎርድፕረስ ለተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ይሰጣል፤ ፒኤችፒ ደግሞ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ላለው የሜይል ፕሮግራም ያስረክባል። ርክክቡ ከተሳካ «ተልኳል» ይልሃል። ከዚያ ወደ ጂሜይል ለመድረስ በፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል በሚቀባበሉበት የግንኙነት በር) መውጣት አለበት፤ ብዙ አከራዮች ግን ስፓም ስለሚፈሩ ይህን ፖርት ከመጀመሪያው ይዘጉታል። መልዕክቱ ወረፋ ላይ እንደተኛ ይከርማል። የሜይል ሎጉን (የሜይል ፕሮግራሙን የሥራ መዝገብ) ክፈት፤ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» (ግንኙነቱ ሳይሳካ ጊዜው አለቀ) የሚል ከሞላበት ችግርህ ይኸው ነው።

ፖርቱን አስከፍቶ በራስ መላክ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርህም። የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩ) ካንተ በፊት ማን እጅ እንደነበረ አታውቅም፤ ስፓም የተላከበት ከሆነ ያንተም መልዕክት ይጠረጠራል። የኤስኤምቲፒ ማስተላለፊያ አገልግሎት (ኢሜይልህን ባንተ ፈንታ የሚያደርስ) ያዝና በፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ በሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) አገናኘው፤ ፖርት 587፣ እሱም ከተዘጋ ብዙዎቹ የሚቀበሉት 2525 አለ። ትዕዛዝህ ጥቂት ከሆነ የግል ጂሜይልም ለጊዜው ይበቃል፣ በቀን እስከ 500 ይልካል። የተለመደው የይለፍ ቃልህ ግን አይሠራም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርተህ ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስወርድ (ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚሆን የይለፍ ቃል) ማውጣት አለብህ። ላኪው አድራሻም የጂሜይልህ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ለሱቅ አያምርም።

በጣም የምጨነቅበት ግን «ከ» የሚለው ቦታ ነው። ብዙ ሰው የመገናኛ ቅጹን ሲሠራ የጎብኚውን አድራሻ እዚያ ያስገባል። ጎብኚው ያሁ ተጠቃሚ ከሆነ ሰርቨርህ «እኔ ያሁ ነኝ» እያለ ነው ማለት ነው። ያሁ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሜ ከሌላ ቦታ የሚመጣውን አትቀበሉ ብሎ በዲማርክ (የዶሜይን ባለቤት በስሙ የሚመጣ ያልተረጋገጠ መልዕክት ምን ይደረግ የሚልበት መዝገብ) አውጇል። ስለዚህ ደንበኛህ የጻፈልህ ሳይደርስህ ይቀራል፤ እሱ ግን የናቅኸው ይመስለዋል። «ከ» ላይ ሁልጊዜ የራስህን ዶሜይን አድራሻ አድርግ፣ የጎብኚውን «መልስ ለ» የሚለው ላይ አስገባ።

ቀጥሎ ዲኤንኤስ (የዶሜይንህ መዝገቦች የሚቀመጡበት) ነው። አገልግሎቱ የሚሰጥህን ኤስፒኤፍ (በስምህ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) እና ዲኪም (መልዕክቱ ካንተ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ) መዝገቦች አስገባ። ጂሜይል ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ አንዱን ይጠይቃል፤ ሁለቱንም አድርግ። ተጠንቀቅ፣ ለአንድ ዶሜይን ኤስፒኤፍ አንድ ብቻ ነው። ቀድሞ ካለህ አዲሱን እዚያው ውስጥ ጨምርበት፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ዲማርኩን ክትትል ብቻ በሚለው ደረጃ ጀምር።

ከዚያ ወደ ራስህ ጂሜይል ላክና መልዕክቱን ከፍተህ «ሾው ኦሪጅናል» በል፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም ፊት ለፊታቸው «ፓስ» ሊሉ ይገባል። አንዱ «ፌይል» ካለ ያንን መስመር እዚህ ለጥፍልኝ፣ የይለፍ ቃልህን ግን አጥፍተህ።