ባሕር በሌለበት አገር የባሕር አልጌ ማጥናት

እንደጻፍሽልኝ፣ ዘንድሮ በባዮሎጂ ልትመረቂ ነው። ጊላርዲያ ቴታ ስለተባለችው ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር አልጌ ሴሚናር አቅርበሽ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚከፈቱት ፕሮቲኖቿ ልብሽን ወስደውታል። አጎትሽ ግን «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር አልጌ ማን ይቀጥርበታል? ባንክ ግቢ» ብለውሻል፤ አንቺም ልታምኚያቸው ምንም አልቀረሽም።

አጎትሽን አከብራለሁ፤ ስለ ባሕሩ ግን ተሳስተዋል። የዚህች አልጌ ጂኖም (ሙሉ የዘረመል መዝገቧ) በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። በ2015 እ.ኤ.አ. በሂውስተን፣ ቴክሳስ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዎች ኤሌና ጎቮሩኖቫ፣ ጆን ስፑድዊችና ባልደረቦቻቸው የእነዚያን ፕሮቲኖች ዘረመሎች ከዚያ መዝገብ ለይተው በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሰው ሕዋሳት ውስጥ አስገቧቸው። ጫፉ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ መብራቱ ሲበራ፣ ፕሮቲኑ ክሎራይድ (በጨው ውስጥ ያለ፣ ኤሌክትሪክ የሚሸከም ቅንጣት) ሲያሳልፍ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ተለካ። ክሎራይድ የገባበት ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል፣ የአንጎል ተመራማሪዎች ነርቭን በብርሃን የሚገቱበት መሣሪያ አገኙ። ከሌላ አልጌ የተገኘ፣ እሱም በብርሃን የሚከፈት ግን ነርቭን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ደግሞ በዓይነ ስውር ሰው ሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ውስጥ ገብቶ፣ ሰውየው በልዩ መነጽር እየታገዘ ጠረጴዛ ላይ ያለ ደብተር ለማግኘት መቻሉ በ2021 እ.ኤ.አ. ተዘገበ። ከዚህ ሁሉ ጀልባ የጠየቀው ሥራ የትኛው ነው?

ስለዚህ «አልጌ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አትጠብቂ። ፒሲአር (የዲኤንኤን ቁራጭ በማሽን ደጋግሞ የመቅዳት ዘዴ) መሥራት፣ ዘረመል ማባዛት፣ ሕዋስ ማሳደግ ተማሪ። እንደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባሉ ቦታዎች ሥራው ስለ ቲቢ ወይም ስለ ወባ ቢሆንም እጅሽ ያው ይሠለጥናል። እኔን ለማስተርስ ያበቃኝ የደም ናሙና በፒፔት እየቀዳሁ ያሳለፍኩት ጊዜ ነው።

አጎትሽ ባንክ የሚሉት ታናናሾችሽን እንድታስተምሪ መሆኑ ግልጽ ነው፤ አልነቅፋቸውም። በየወሩ ለቤት የምትሰጪውን ቁርጥ አድርገሽ ተነጋገሪና ቃልሽን ጠብቂ። ሙያሽን ግን ለቤተሰብ ዕዳ መያዣ አድርገው ሊወስዱት አይገባም። አባትሽ ተበድረው ውጭ አገር ሊያስተምሩሽ ማሰባቸውንም አልቀበለውም፤ በዚህ ዘርፍ በብዙ አገሮች የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ እየተከፈለው ነው የሚማረው።

ያሳሰበሽ እንግሊዝኛሽም የሳይንስ ጽሑፍ በየቀኑ ስታነቢ ይሻሻላል። የመመረቂያ ርዕስሽ ገና ስላልጸደቀ አማካሪሽን ፒሲአር ያለበት ሥራ እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው፤ ስለ ጤፍም ይሁን ስለ ቆሮሶ ዓሣ ግድ የለም።