ሦስት ሳምንት ያልበላው ቦል ፓይተን

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጠያቂዋ እናት ናቸው። የ14 ዓመት ልጃቸው ለምኖ፣ አኩርፎ፣ በመጨረሻ ቦል ፓይተን የሚባል እባብ አስገዝቷቸዋል። «ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አንድም ቀን አልበላም። በሕይወት ያለች አይጥ ስናስገባለት ጭንቅላቱን ቀብሮ ተጠቀለለ። ልጄ በየቀኑ እያወጣ ያቅፈዋል። በወጥ ቤት ሚዛን 310 ግራም ነው። በረሃብ ሊሞትብን ነው? ደግሞስ ያመልጣል ወይ?» ይላሉ። የሳጥኑንም ፎቶ ልከውልኛል።

እናቴ፣ አይሞትም። እባብና እንሽላሊት መንከባከብ ሥራዬ ነው፤ ከአዲስ ባለቤቶች በብዛት የሚመጣልኝም ይኸው ጥያቄ ነው። ጤነኛ ቦል ፓይተን ሳምንታት ሳይበላ ይቆያል። ትልቅ ሲሆን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ምግብ የሚዘጋ አለ። የእናንተው ችግር ረሃብ ሳይሆን ፍርሃት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እናንተ ቤት ግን የበረየው እባቡ ራሱ ነው።

ይህ ፍጥረት የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ይገኛል። ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ጨለማ፣ ጠባብ፣ ሞቃት። አሁን ፎቶውን ይዩት። አራቱም ጎኑ መስታወት ነው። ውስጡ በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ አንድ ሰፊ ግንድ አለ። እሱ ለእባቡ ቤት አይደለም፣ ድልድይ ነው።

ሁለት መደበቂያ ይግዙ፤ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው። በር አንድ ብቻ ይሁን፤ እባቡ ሲጠቀለል ጎኑ ግድግዳውን እስኪነካ ይጥበብ። የተገለበጠ ጥቁር የፕላስቲክ ሳህን በር ተቆርጦለትም ይሠራል፤ ብር መጣል የለብዎትም። ሦስቱን የመስታወት ጎኖች በጥቁር ወረቀት ከውጭ ይሸፍኑ።

ሙቀቱ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር የሚነግርዎ የመስታወቱን ነገር ነው። እባቡ የሚኖረው ወለል ላይ ነው። ጫፉ በሽቦ የሚወርድ ዲጂታል ይግዙና ጫፉን መደበቂያው ውስጥ ያድርጉት። ሞቃቱ ጫፍ ከ88 እስከ 92 ፋራናይት፣ ቀዝቃዛው ከ76 እስከ 80 ይሁን። እባብ ምግቡን የሚፈጨው በዚህ ሙቀት ነው፤ ከቀዘቀዘ አይበላም፣ ቢበላም ሊያስመልሰው ይችላል።

ማሞቂያው ምንም ዓይነት ይሁን፣ ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ የሚቆጣጠር ዕቃ) ሳይኖረው ሶኬት ውስጥ አይሰኩት። አንድ ጊዜ ከነማሞቂያ ምንጣፉ የመጣልኝን እባብ ስገለብጠው የሆዱ ቅርፊት እንደ ከረረ ቂጣ ቡኒ ሆኖ ነበር። እባብ ሆዱ እየተቃጠለም ዝም ብሎ ሊተኛ ይችላል። ቀዩን አምፖል ደግሞ አውጡት። «እባብ ቀይ ብርሃን አያይም» የሚሉት ወሬ ነው። ብርሃን የማይሰጠው የሴራሚክ ማሞቂያ ይሻላል።

እርጥበቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ ይሁን። ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፤ የኮኮናት ልጣጭ ንጣፍ አድርጉበት፣ የወንፊት ክዳኑንም በከፊል በፎይል ሸፍኑት። የዝግባ ፍቅፋቂ ግን አይሁን፤ ሽታው ይጎዳዋል። ዓይኑ ጭጋግ የለበሰ ሰማያዊ ከመሰለ ቆዳውን ሊጥል ነው፤ ያን ጊዜ ምግብ አታቅርቡለት።

ልጅዎን አሁኑኑ ይቆጡልኝ። ውኃ ከመቀየርና ከማጽዳት በቀር ለ10 ቀን ማንም አይንካው። ማቀፉ የሚቀጥለው ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከበላ በኋላ ነው፤ ያኔም ከበላ 48 ሰዓት ሳይሞላው አይነካም።

አሁን ወደ ምግቡ። በመጀመሪያ ሻጩ ምን ያበላው እንደነበር ይጠይቁ፤ ትልቁን የአይጥ ዘር ወይስ ትንሿን፣ ሞቶ በረዶ የሆነ ወይስ በሕይወት ያለ? አመሉ ከዚያ ይጀምራል። በሕይወት ያለች አይጥ አልወድም። እባቡ ካልፈለጋት እሷ ነች የምትነክሰው፤ ጥርሷ ደግሞ ቀላል አይደለም። ለ310 ግራም እባብ ወደ 30 ግራም የምትመዝን በረዶ የሆነች አይጥ ትበቃለች። ማታ ፍሪጅ ውስጥ በላስቲክ ታድር። በማግስቱ ከነላስቲኳ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሯት፤ ማይክሮዌቭ ፈጽሞ አይሞከርም። ዕቃው ለእሷ ብቻ ይሁን፤ ከድስትና ከሊጥ ዕቃ ጋር አይገናኝ። እጅም በሳሙና ይታጠብ፣ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለ።

ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚያነቡ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት። ስለዚህ የአይጧ ጭንቅላት ወደ 100 ፋራናይት ይሙቅ። ምሽት ላይ መብራት አጥፍተው በረጅም ወረንጦ ጅራቷን ይዘው ወደ መደበቂያው በር ያስጠጓት። ቀስ ብለው። ምላሱ ቶሎ ቶሎ መውጣት ከጀመረና አንገቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ ካጠፈው ደርሷል፤ እጅዎ አይንቀጥቀጥ። ቀጥሎ የሚሰማው ጧ የምትል ድምፅ ናት፤ አይጧ ከወረንጦው ተነጥቃ ተጠቅልሎባታል። ጭንቅላቱን ከቀበረ ግን አትነዝንዙት። አይጧን በሩ ላይ ትታችሁ እደሩ፤ ጠዋት ካለች ጣሏት። እስከ ሳምንት ድረስ እንደገና አይቀርብለትም። በየቀኑ ማቅረብ በየቀኑ ማስፈራራት ነው።

በየሳምንቱ ይመዝኑትና ይጻፉት። ከ280 ግራም በታች ከወረደ የእባብ ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ ካፏጨ፣ አፉ ላይ አረፋ ከታየ ወይም አፉን ከፍቶ ከተቀመጠ ግን ሚዛን አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ይወሰድ።

አንድ ነገር ደግሞ ይወቁት፤ ይህ እንስሳ በእንክብካቤ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። ሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ በ2020 እንቁላል የጣለችው ቦል ፓይተን ዕድሜዋ ቢያንስ 62 ይገመት ነበር። ልጅዎ ኮሌጅ ሲገባ እባቡ ማን ጋር እንደሚቀር መቼም ገብቶዎታል።

ማምለጡን ጠይቀውኛል። ያመልጣል፣ ክዳኑን በአፍንጫው እየገፋ። በሁለቱም በኩል መቆለፊያ ክሊፕ ይሁንበት፤ ድንጋይ መጫን አይበቃም። ከጠፋም አይደናገጡ፤ መርዝ የለውም፣ ሩቅም አይሄድም። ጠባብ፣ ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጉ፤ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከሶፋው ሥር፣ ከማሞቂያው አጠገብ። ማታ መብራት አጥፍተው ባትሪ ይዘው የግድግዳውን ጥግ ይከተሉ።